ጋሽ ተክለጻድቅን በስልኬ የገደልኩበት ሰሞን

መስከረም 24 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር ልጄ ኪሩቤል ነው ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የላከልኝ። "እማዬ፣ የምትረሺውን ነገር ጻፊበት" ብሏል። ምን ረሳሁና? አሥራ ስድስት ዓመት የሐረር ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ የከተማውን ቁጥር ሁሉ በቃሌ ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ። "ለተማርያም፣ ዳኛው ቤት አገናኚኝ" ላለኝ ሰው፣ ዳኛው ቤታቸው እንደሌሉና የማን ቤት ምሳ ተጋብዘው እንደሄዱ ሳይቀር እነግረው ነበር። የሥራው ደንብ አይፈቅድም፤ ይሁን፣ አለፈ።

ኪሩቤል አንድ ወሬ ሦስት ጊዜ ነገርሽኝ ብሎ ሰግቷል። እሱ ራሱ ሲያወሩት ሌላ ነገር ስለሚነካካ ሦስቴ ካልነገሩት አይሰማም። በጣት የሚነካውን ታች ስልክ የገዛልኝም እሱ ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴ እንደሻው ባረፈ በሦስተኛው ወር። "ፊትሽን እያየሁ እንድናወራ" ብሎ። እሑድ እሑድ አሥር ደቂቃ ያየኛል። በቀረው ጊዜ ስልኩ ሥራ እንዳይፈታ እኔ እጠቀምበታለሁ። ብዙም አይደለም።

ጥቅምት 1፣ ረቡዕ

ዛሬ የውኃ ቀናችን ነበር፤ አሥራ አንድ ቀን የጠበቅነው። ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ከተትኩና እስኪሞላ ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ቪዲዮ ብቻ። ቀና ስል ግቢው ሐይቅ ሆኗል፤ ውኃው በበሩ ስር ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ የሰፈሩ ሰው ባልዲውን ይዞ ቆሞ ያየኛል። ሌሎቹን ሁለት በርሜሎች ሳልሞላቸው ውኃው ሄደ።

"እንቅልፍ ወስዶኝ ነው" አልኳቸው። አንዷ ለሌላዋ ቀስ ብላ፣ "ምስኪን፣ እናቷም በስተርጅናቸው እንዲህ ነበሩ" ስትል ሰማኋት።

እናቴ ስሜን ረስታ ነው የሞተችው። ስለሱ አልጽፍም።

ጥቅምት 3፣ ዓርብ

ራስ ምታት። አንገቴ አልዞር አለ። የቀኝ አውራ ጣቴ ስር ሲነኩት ያቃጥላል። የአየሩ ለውጥ ይሆናል።

ሽሮው አረረ። ሁለተኛው ነው በዚህ ሳምንት።

ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተኛሁም። ስልኩ ትራሴ አጠገብ ያወራል። ባላየውም ያውራ፣ ቤቱ ድምፅ ይኑረው።

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ጋሽ ተክለጻድቅን ገደልኳቸው።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለእኔ ይነግራል፣ እኔ ለአደም እነግራለሁ፣ አደም ጡሩምባውን እየነፋ ሰፈሩን ይዞራል፣ ከዚያ ድንኳኑ ይተከላል። እስከ ዛሬ ወደ ሟች ቤት ሳልደውል፣ ሲሆንም በእግሬ ሄጄ ሳላይ፣ አደምን አዝዤ አላውቅም ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ፌስቡክ እያየሁ የእድርተኛችን የጋሽ ተክለጻድቅ ፎቶ መጣ። ሻማ አለ። "አባታችን" የሚል ጽሑፍ አለ። ከስሩ አርባ ሰው "ነፍስ ይማር" ብሏል። እኔም "ነፍስ ይማር፣ ያጽናችሁ" ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስት የሚያለቅሱ ፊቶችም ጨመርኩ። ቀጥዬ ለአደም ደወልኩ።

አንድ ሰዓት ላይ ጡሩምባው ተነፍቶ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ እኔ ከፊት ሆኜ፣ በራቸው ላይ ደረስን። በሩ ተከፈተና ጋሽ ተክለጻድቅ ወጡ። ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ ሳሙና ነው። ምላጩን እንደያዙ ድንኳኑን አዩ፣ አደምን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ማን ነው የሞተው?" አሉ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በመጨረሻ አደም ነው፣ ምሰሶውን እንደተሸከመ፣ "አቦ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እኮ!" ያላቸው።

ለካ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው የለጠፉት። "አባታችን ካረፉ ሰባት ዓመት ሞላቸው" ይላል፤ ፎቶው ጋሽ ተክለጻድቅ በአባታቸው ሙት ዓመት ላይ ሻማ ሲያበሩ ነው። እኔ ያየሁት አንዱን መስመር ነው። ቀሪውን ለማንበብ አንዴ በጣቴ መንካት ነበረብኝ። አልነካሁም፤ ወደሚቀጥለው አልፌ ነበር።

እሳቸውስ ሳቁ። "ከሞትኩ አይቀር ልላጭና ልምጣ" ብለው ገቡ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ሰፈሩም ስቆ ያልፈው ነበር። ባለቤታቸው የሺ ግን በማለዳ ኤረር በር ገበያ አትክልት ልትገዛ ወጥታ ኖሯል። እዚያው አንዱ "ጋሽ ተክለጻድቅ አረፉ፣ ጡሩምባ ተነፍቷል" አላት። ደኅና ትታው የወጣችው ባሏ! ዘንቢሏን ጥላ ስትሮጥ ወደቀች፤ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ።

የሺ የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ናት።

ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተችው፤ እጇ ጀሶ ውስጥ ነው። አየችኝና ቀስ ብላ ዘጋችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ስለዚህ ነገር ሰው ምን እንደጻፈ ሳይ ዋልኩ። አዎ፣ በዚያው ስልክ። አታፍርም እንዴ ይቺ ሴት?

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ኮሚቴው ጠራኝ። ሊቀመንበሩ ጋሽ በቀለ ፊቴን ማየት ከብዷቸው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ "እትዬ ለተማርያም፣ እስከ ታኅሣሡ ጠቅላላ ጉባኤ ድረስ ትንሽ ይረፉ" አሉኝ። መዝገቡን አስረከብኩ። የተረከበው ሳሙኤል ነው፣ የኮሚቴው ወጣት፣ ባንክ የሚሠራው። ጨዋ ልጅ ነው። ስወጣ ግን በሩ ሳይዘጋ፣ "ሴትዮዋ ደክማለች፤ ሁሉንም ቴሌግራም ላይ እናድርገው" ሲል ጆሮዬ ገባ። የማዞሪያ ሠራተኛ ጆሮ አይደክምም።

ጥቅምት 12፣ እሑድ

ኪሩቤል ትናንት መጣ። ወሬው አዲስ አበባ ድረስ ደርሷል፤ ማን አደረሰው ብል መልሱ የታወቀ ነው፣ ያው ፌስቡክ። ምሳ ላይ "እንቅልፍ ትተኛለሽ?" አለኝ። "እተኛለሁ" አልኩት። ስልኩን አየ፣ ቀና አለና "እንቅልፍስ ትተኛለሽ?" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ሆኖ ከባለቤቱ ከሃና ጋር ሲያወራ በመስኮቱ ሰማሁት። "ብቻዋን መኖር አትችልም። ለገና መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ቤቱን እናከራየዋለን።"

እንደሻው በገዛ እጁ ድንጋይ እየፈለጠ የሠራውን ቤት። ሠላሳ አራት ዓመት የኖርኩበትን። ሐኪም ጋራን ከደረጃዬ ላይ ሆኜ የማይበትን። አዲስ አበባ ሄጄ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የማንን ቤት በር ላንኳኳ?

ወጣሁና ፊት ለፊት ጠየቅሁት። አልዋሸኝም፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። "እማዬ፣ አያቴን አስታውሳለሁ እኮ። አንድ ቀን ምድጃ ለኩሰሽ ብትረሺስ?" አለ። ተከራከርን፣ እኔም ጮህኩ። በመጨረሻ ተስማማን። ሐኪም ያየኛል። እስከ ገና "ደኅና ናት" የሚል ወረቀት ካገኘሁና ሰፈሩም ከመሰከረልኝ እቀራለሁ። ካልሆነ እሄዳለሁ። ጨበጥኩት።

ጥቅምት 16፣ ሐሙስ

ዶክተር ጀማል የሐረር ልጅ ነው። የአባቱን የሱቅ ስልክ ስንት ጊዜ እንዳገናኘሁ ነገርኩት፤ ቁጥሩን ግን ልጠራለት ስል አልመጣልኝም። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

አምስት ቃል ሰጠኝ። ሌላ ሌላ ነገር አስወራኝና መልሽ አለኝ፤ ሁለት መለስኩ። ሰዓት ሳዪ አለኝ፤ ሳልኩ። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ውረጂ አለኝ፤ ሰማንያ ስድስት ላይ ተሰናከልኩ። አፈርኩ። ደም ተመረመርኩ፣ ግፊት ለኩኝ፤ ምንም አልተገኘም።

"ስልክ ላይ በቀን ስንት ሰዓት ይቆያሉ?" አለኝ።

"አንድ። ቢበዛ አንድ ተኩል።"

ስልኬን ተቀብሎ ባትሪውን ምን እንደጨረሰው የሚያሳየውን ገጽ ከፈተ። የትናንቱ ብቻ ስምንት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። እነዚህ ነገሮች ሁልጊዜ ትክክል ላይሆኑ ይችላሉ።

አልሳቀብኝም። "እናቴ፣ ስልክ አእምሮ ይገድላል ብዬ አልነግርዎትም፤ እንደዚያ የሚል ማስረጃ የለኝም። የእናትዎ ዓይነት ሕመም እንዳልሆነም ዛሬ አልምልልዎትም። ግን እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ቀን ያየውን በደንብ አያስቀምጥም። ልብ ሳይሉ ያዩት ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው አልገባም። ያልገባ ነገር ረሳሁ አይባልም። አንገትዎም፣ አውራ ጣትዎም ከዚሁ ከማጎንበሱ ነው። ማታ ማታ ስልኩን ከመኝታ ቤት ያውጡት፣ ቀን በእግርዎ ይሂዱ፣ ሰው ያነጋግሩ። ታኅሣሥ ላይ እንደገና አይዎታለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

መድኃኒት አልጻፈልኝም። ከሆስፒታል ባዶ እጄን ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። መንገድ ላይ ግን "ያልገባ ነገር ረሳሁ አይባልም" የሚለውን እየደጋገምኩ መጣሁ፤ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

ኤረር በር ሄድኩ፣ ሶፍያ ሱቅ። ሶፍያ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ ቅመምና ኦቾሎኒ ትሸጣለች፣ ማንንም አትፈራም። ነገሩን ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች። "ለቱ፣ ከመግሪብ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እዚህ ታመጪዋለሽ፤ እኔ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበት እሄዳለሁ፤ ጠዋት ትወስጃለሽ። ወላሂ፣ አልቅሰሽ ብትለምኚኝ አልከፍትልሽም" አለች።

ለአደጋ ጊዜ ብላ ባለ ቁልፉን ትንሽ ስልኳን አዋሰችኝ። መደወልና መብራት ብቻ ያውቃል።

የመጀመሪያው ሌሊት። ቤቱ ይጮኻል፣ ዝምታው ነው የሚጮኸው። የቁም ሳጥኑ እንጨት ሲንቋቋ እንደሻው መስሎኝ ቀና አልኩ። ለዚህ ነበር እንዴ ስልኩን የማስወራው? ልተኛ።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

ውርደት።

ትናንት ማታ አልቻልኩም። ሶፍያ ቤት ሄጄ በሩን ደበደብኩ። "ሱቅ እንሂድና መሳቢያውን ክፈችልኝ፣ ኪሩቤል ታሟል አሉኝ" አልኳት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም፣ በልጄ ላይ ሟርት!

"ያ ረቢ! በኔ ስልክ እንደውልለት፤ ቁጥሩን ንገሪኝ" አለች፣ ስልኳን አንስታ።

አፌን ከፈትኩ። ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ... ከዚያ ምንም። እንደገና ጀመርኩ። ምንም። እኔ ለተማርያም፣ አራት መቶ ቁጥር በቃሌ የነበረኝ፣ የአንድ ልጄን ስልክ ቁጥር አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ አልያዝኩትም፤ "ኪሩ" የሚለውን ስነካ ይጠራል፣ አለቀ።

ሶፍያ ገባት። ከእሷ መዝገብ አውጥታ ደወለች፤ ደኅና ነው፣ እራት እየበላ ነው። ስልኳን ዘጋችና አቀፈችኝ። መሳቢያውን አልከፈተችም።

እቤት እንደገባሁ ቁጥሩን ይህ ደብተር ላይ አሥር ጊዜ ጻፍኩት፤ ከዚያ ደብተሩን ከድኜ ለግድግዳው ነገርኩት። ዛሬ ጠዋት ስነቃ አፌ ላይ ነበር!

ጥቅምት 28፣ ማክሰኞ

ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ጽፌዋለሁ፣ ይመዝገብ።

ኅዳር 2፣ ቅዳሜ

ዘዴዬ ይህ ነው። እድራችን ሰማንያ ስድስት ቤት ነው። በቀን አምስት ቤት በእግሬ እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ የልጆቹን ስም እጠይቃለሁ፣ የስልክ ቁጥራቸውን እሰማለሁ፤ አልጽፍም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ መንገዱን በሐሳቤ እሄድበታለሁ፤ ከሰፈሩ የውኃ ቦኖ ጀምሬ በየበሩ እየቆምኩ። ማዞሪያው ላይም እንዲሁ ነበር የምይዘው፤ ቁጥሩን ብቻውን ሳይሆን ሰውየውን ከነድምፁ።

መጀመሪያ ሰው ፈርቶኝ ነበር። አንዷ በሩን በጥቂቱ ከፍታ "ማን ሞተ?" አለችኝ። "ማንም። ላይሽ ነው የመጣሁት" አልኳት። አላመነችኝም፤ ገብቼ ሁለት ሰዓት ተጫውተን ወጣሁ።

ቁልቁለቱን ስወርድ አንገቴ እንደልቡ ዞረ።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

ቀን ላይ ስልኩን ከሶፍያ ወስጄ አሥር ደቂቃ ልይ ብዬ ተቀመጥኩ። ስነሳ ምሳ ሰዓት አልፏል። አንድም ያየሁትን ነገር አላስታውስም፤ አንዲት ድመት ፒያኖ ላይ ስትሄድ ብቻ። ሦስት ሰዓት ለአንድ ድመት!

ኅዳር 15፣ ዓርብ

ጾመ ነቢያት ገባ። ከሥጋና ከወተቱ ጋር ታች ስልኩንም ጨመርኩበት፤ እስከ ገና ከሶፍያ መሳቢያ አይወጣም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ሳቁና "እኔንም አስቢኝ" አሉ።

ዛሬ ደግሞ የሺ ቤት ገባሁ። በሩን ስትከፍት እግሬን አስገባሁ፤ ሌላ መላ አልነበረኝም። "አትናገሪኝ፣ እጅሽ እስኪድን ዕቃ ልጠብልሽ" አልኳት። አልተናገረችኝም። አጠብኩ፣ ምስር ሠራሁ፣ ወጣሁ።

ኅዳር 21፣ ሐሙስ

ሰባተኛ ቀኔ የሺ ቤት። ጋሽ ተክለጻድቅ ሲያዩኝ ሁልጊዜ "ገዳዬ መጣች!" ይላሉ። ዛሬ ምሳ ላይ አጠገባችን ተቀምጠው ድንገት፣ "እኔን የገረመኝ፣ ሳሙናዬን ሳልታጠብ ያለቀሰችው ያቺ ጎረቤት እንባዋን ከየት አመጣችው? ቆሜ እያየችኝ ነው እኮ የምታለቅሰው!" አሉ። የሺ ውኃ እየጠጣች ነበር፤ በአፍንጫዋ ወጣ። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። "ለቱ፣ ያን ቀን እኔ ለካ ያለሱ መቆም አልችልም፤ እሱን ነው ያወቅሁት። አንቺስ ያለ እንደሻው እንዴት ቆምሽ?" አለችኝ።

ተነስቼ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ከዚያ እኔም አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም። ወይ ጠይቀውኝ ስልክ እያየሁ ይሆናል።

ታኅሣሥ 4፣ ረቡዕ

ብርዱ ጀምሯል። ሰማንያ ስድስቱም ቤት አለቀ። ከሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛሁ። አውራ ጣቴ ሽንኩርት ስልጥ አይሰማኝም።

ታኅሣሥ 11፣ ረቡዕ

ዶክተር ጀማል አዲስ አምስት ቃል ሰጠኝ። አራት መለስኩ። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስኩ እስከ ሁለት ወረድኩ፤ እሱ "ይበቃል፣ ይበቃል" ይላል፣ እኔ እቀጥላለሁ።

"አራት ብቻ ነው" አልኩት፣ ቅር ብሎኝ።

"እኔም ምሳ ካልበላሁ አራት ነው። ማሻአላህ እናቴ፣ ለዕድሜዎ ጥሩ ነው። ከእንቅልፉ ይሁን፣ ከእግር ጉዞው፣ ከሰዎቹ፣ ከስልኩ መራቅ፣ ለይቼ መናገር አልችልም፤ ሁሉም ይሆናል። በየዓመቱ እየመጡ ይታዩ።"

ወረቀቱን ጻፈልኝ። ማኅተሙ ሳይደርቅ ሁለቴ አነበብኩት፤ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ።

ታኅሣሥ 22፣ እሑድ

በሰፊው እጽፋለሁ። ዛሬን ማሳጠር ኃጢአት ነው።

ኪሩቤል ዓርብ ገብቷል። የሐኪሙን ወረቀት አሳየሁት፤ አነበበው፣ ሳመኝ፣ ግን "ሰፈሩስ?" አለ። ጉባኤው ላይ ከኋላ ቆሞ እንዲያይ ነገርኩት።

አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ጋሽ በቀለ ጸሎት አድርሰው ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ለማወቅ ስም ጥሪ ይደረግ አሉ። ሳሙኤል ተነሳ። መዝገቡን ትቶ ስልኩን አወጣ፤ ሁሉንም ሰው እዚያ አስገብቷል። ቀና ሳይል፣ ስክሪኑ ላይ አጎንብሶ፣ በፍጥነት ማንበብ ጀመረ።

"ጋሽ በቀለ ንዝንዝ።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ልጁ አላየም።

"አደም ጡሩምባ። እትዬ የሺ ጀሶ። ጋሼ ቢጫው በር። እትዬ ፌስቡክ።"

ያኔ ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው! ምስኪኑ ልጅ፣ ሰውን ለራሱ እንዲለይለት ብሎ በስልኩ የመዘገበውን ስም ነው ለሰማንያ ስድስት አባወራ ያነበበው። ቀና አለ፣ ቀላ፣ ስልኩ ከእጁ ወደቀ። ጋሽ በቀለ "ንዝንዝ? እኔ ንዝንዝ?" እያሉ ይነዘንዛሉ። አንዱ "ይሄንን ነው ጸሐፊ ያደረጋችሁብን?" ብሎ ተነሳ፤ ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ሆነ።

ለልጁ አዘንኩለት፤ እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ ነው። ተነሳሁ። "ልጁ ላይ አትጩሁ። ስም ጥሪውን እኔ ላድርገው" አልኩ።

ጋሽ በቀለ መዝገቡን ሊያቀብሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። አልተቀበልኳቸውም። እጄን ነጠላዬ ስር ከትቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከቦኖው ጀመርኩ።

አባወራውን ከነአባቱ ስም እጠራለሁ። "አለሁ" ይላል። ቀጣዩ በር። "አለሁ።" አሥር ላይ ሰው መንሾካሾክ ተወ። ሠላሳ ላይ አንዱ "ቁጥሩንስ?" ብሎ ሊፈትነኝ ጮኸ፤ ቁጥሩን ነገርኩት፣ የሚስቱንም ጨመርኩለት፤ አጨበጨቡ። ሃምሳ ላይ አንድ ቤት በዚህ ወር ወደ ድሬዳዋ እንደሄደ ተናገርኩ፤ የሳሙኤል ዝርዝር ውስጥ ገና አለ። "አቶ ተክለጻድቅ!" ስል፣ "አለሁ፣ እስክትገድይኝ!" አሉ፤ የሺ በዳነው እጇ መታቻቸው።

ሰማንያ አምስት። ቀጥሎ የመጨረሻው በር ነው፣ የኔ።

መዝገቡ ላይ ቤታችን ያለው በእንደሻው ስም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጉባኤው "አቶ እንደሻው" ብዬ እጠራና "አለሁ" ብዬ የምመልሰው ራሴው ነበርኩ። ማንም ቀይሪው አላለኝም፤ ሰው አዝኖልኝ ነው። ዛሬ እዚያ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ረሳች ብለው የፈሩ ይመስለኛል፤ ኪሩቤል ከኋላ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። አልረሳሁም።

"ወይዘሮ ለተማርያም ኃይለማርያም" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። "አለሁ!"

ዓይኔን ስከፍት ሰዉ ሁሉ ቆሟል። ሴቶቹ እልል አሉ፣ አደም ጡሩምባውን ነፋ፣ በጉባኤ ላይ! ጋሽ በቀለ ድምፅ እንኳ ሳያሰጡ መዝገቡን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ ሳሙኤል ምክትሌ ይሁን። ቴሌግራሙንም ይሥራበት፣ መልካም ነገር ነው፤ ግን የሞት ወሬ ሲሆን እኔ በእግሬ ሄጄ በር ሳላንኳኳ አይለጥፍ። ልጁ መጥቶ ጉልበቴን ሊስም አጎነበሰ። "ስሜን ቀይረው ብቻ" አልኩት።

ኪሩቤል በሩ ጋ ፊቱን በመዳፉ ይጠርጋል። "አልወስድሽም እማዬ። ማን ደፍሮ ይወስድሻል!" አለኝ።

ደስ ብሎኛል። ኩራት ከሆነ ይቅር ይበለኝ። ደስ ብሎኛል!

ታኅሣሥ 25፣ ረቡዕ

ኪሩቤል ዛሬ ሊመለስ ነበር፤ ለገና ሃና ጋ ልድረስ ብሎ።

ጠዋት ቀድሜ ተነሳሁና ሳሎን ገባሁ። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ አንገቱ ተቀልብሶ ተኝቷል፤ ስልኩ ደረቱ ላይ በርቶ ያወራል። ቀሰቀስኩት። ዓይኑ ደም ለብሷል። ስንት ሰዓት ተኛህ ስለው "ትንሽ ቆይቼ" አለ። ቁርስ ላይ አንገቱን ሲያሸው አየሁት። አውቶብሱ ስንት ሰዓት ነው አልኩት፣ ነገረኝ። ቆየት ብሎ ራሱ "አውቶብሱ ስንት ሰዓት ነው ያልኩሽ?" አለ።

"ኪሩ፣ የሃና ቁጥር ስንት ነው?" አልኩት።

"ምነው? ስልኩ ላይ አለ" ብሎ ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ።

"በቃልህ።"

አፉን ከፈተ። ዜሮ ዘጠኝ... እኔ የማውቀውን ያንን ፊት ልጄ ላይ አየሁት። ሣቅሁ ልበል አለቀስኩ ልበል፣ አላውቅም። ከፊቱ ሆኜ በባለ ቁልፉ ስልክ ለሃና ደወልኩላት፣ ከኪሩ ቀጥሎ የያዝኩትን ቁጥሯን በቃሌ እየመታሁ። ነገሩን ስነግራት፣ "እማማ፣ እኔንም ካናገረኝ ስንት ጊዜው። እባክዎ ይያዙልኝ፤ እኔ ለገና እመጣለሁ" አለች።

"እኔ ሥራ አለኝ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የማየው" ይላል ኪሩ። ያችን አንድ ደቂቃ እኔ አላውቃትምና!

እስከ ጥምቀት ፈቃድ ጠይቋል። ዛሬ ከመግሪብ በፊት ኤረር በር እንሄዳለን፤ ሶፍያ መሳቢያዋ ውስጥ ለሁለት ስልክ ቦታ አዘጋጅታለች።

ሲመጣ ሁለት ሻንጣ ነበር የያዘው፤ አንዱ ባዶ ነው፣ የኔን ልብስ ሊጭንበት። ባዶውን አልጋ ስር ገፋሁት። ሌላኛውን ከፍቼ የሱን ሸሚዞች አንድ በአንድ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሰቀልኩ።